በገዛ ሶሌ እስከ ሐይቆቹ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ መጮኹን ተወ ወይስ አሁንም መምጣትዎን ቀድሞ ለእማማ ያሳውቃል? ወገብዎስ? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀዎ? የሚኒባሷስ ጤና? እሷን ሳልጠይቅ ካለፍኩ ሰላምታዬን እንደማይቀበሉኝ ስለማውቅ ነው። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ትንሽ ሳልከሳ አልቀረሁም፤ እሱም የተራራ ሥራ ነው እንጂ የችግር አይደለም፣ ለእማማ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ።

ፊደሉ እንዲህ መግዘፉን አይተው «ይቺ ልጅ ወረቀት በነፃ ማደል ጀመሩላት እንዴ» እንዳይሉ። ሆን ብዬ ነው። እስከ ዛሬ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ ወንድሜ ነበር፤ እርስዎም ድምፁ ደስ ስለሚለኝ ነው ይሉ ነበር። የእሱ ድምፅ ደግሞ መቼ ደስ ብሎዎት ያውቃል? ይህኛውን እርስዎ ራስዎ፣ ብቻዎን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። የሰፈሩ ግድግዳ ሚኒባሷን መግጨቱን ሰምቻለሁ። ግድግዳው ራሱ ወደ መንገዱ ገፍቶ መጣ ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እማማ በስልክ ስትነግረኝ ስቄ ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ አልቆየም። ስለ ዓይንዎ የምነግርዎ ነገር አለኝ። ይቆዩ፣ ወረቀቱን አያስቀምጡት። በቀጥታ ወደ ዓይንዎ ብመጣ አጥፈው ኪስዎ እንደሚከቱት ስለማውቅ አስቀድሜ ስለ ተራራው ልንገርዎ።

የምሠራበት ጫማ ቤት ከምኖርበት ክፍል ሥር ነው። ጠዋት ደረጃውን ወርጄ መብራቱን ካበራሁ ሥራ ገባሁ ማለት ነው፤ የታክሲ ሰልፍ የለ፣ መጋፋት የለ። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ጣሪያው ሥር ከተዘረጋው ብረት ላይ የተራራ ጫማዎች በማሰሪያቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንጠለጠላሉ፤ ረጅም ሰው ከገባ ግንባሩን በተረከዝ ሳይመታ አይወጣም። ከተማው ተራራ ሥር ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ወጪ ወራጅ ነው፣ ጫማውንም ይጨርሳል። እኛ አሮጌውን ሶል ገንጥለን፣ አዲሱን በማስቲሽ ለጥፈን፣ ዙሪያውን በወፍራም ክር በእጅ እንሰፋለን። ሦስት ነን። አለቃ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ በዕድሜ የእርስዎ እኩያ ይሆናሉ፣ እንደ እርስዎም ሲቆጡ ጢማቸው ነው የሚቀድመው። ሁለተኛዋ ቆዳ ትቆርጣለች፤ ምላጭ እንላታለን፣ ለሥራዋም ለአፏም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ጫማ ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ጫማ ሰፊ የሆነ ሰው በሰፋው ሶል ላይ የራሱን ምልክት የሚመታው፣ ራሱ በሰፋው ሶል መንገድ በሌለበት ተራራውን ወጥቶ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ሐይቆች አይቶ ሲመለስ ነው። አለቃ «ሰው ነፍሱን የሚጥልበትን ነገር እየሰፋሽ አንቺ ወንበር ላይ መቅረት የለም» ይላሉ። እስከዚያ ድረስ የሰፋሁት ሁሉ በእሳቸው ምልክት ነበር የሚወጣው። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ፤ ሶሌን ሰፍቼ ጨረስኩ፣ አለቃ መንገዱን ሊመሩኝ፣ ምላጭም ልታጅበኝ ተነሡ።

ተራራው ላይ ከመውጣታችን በፊት ግን ስለ መርፌዎቹ ልንገርዎ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አለቃ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው ቆይቷል። አይናገሩም። ክሩን በምራቃቸው ያርሳሉ፣ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፣ «የዘንድሮ ክር ይሰነጠቃል» ብለው ክሩን ይሰድባሉ። አንድ ጠዋት ስወርድ ምላጭ ቀድማኝ ገብታ፣ መርፌዎቹን በሙሉ ክር አስገብታላቸው ቡሽ ላይ ስትሰካቸው አገኘኋት። ምንም አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባን። አለቃ ይመጣሉ፣ የተዘጋጀውን መርፌ አንሥተው ይሰፋሉ፣ ሲያልቅ ሌላውን ያነሣሉ። እሳቸው አመስግነውን አያውቁም፣ እኛም አንሥተንባቸው አናውቅም። ይቺን ነው ይሉኝታ የሚሏት። እኛ ግን ለሰው ማሰብ መስሎን ነበር።

የወጣነው ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አለቃ ካርታ አልያዙም፤ ካርታ የሚይዝ እግሩን የማያምን ነው ባይ ናቸው። የመኪናው መንገድ ከውሃ ግድቡ አጠገብ ያልቃል። ከግድቡ በኋላ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ አለች፤ እሷም ጥዶቹ መሀል ገብታ «ከዚህ ወዲያ እናንተ ታውቃላችሁ» ያለች ይመስል ትጠፋለች። ከዚያ ወዲያ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ ቁልቁለት የተኛ፣ አንድ ሲራመዱ ሁለት የሚመልስ። አለቃ በእጃቸው እየገፉ ያልፋሉ፣ የገፉት ቅርንጫፍ ተመልሶ የእኔን ፊት ይገርፋል። ምላጭ ከኋላ ሆና «ገና በሩ ላይ እንዲህ የመታሽ ሳሎን ስትደርሺ ምን ሊያደርግሽ ነው?» ትለኛለች።

ሳሎኑ ቤት ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ነበሩ። አንዱ በሌላው ላይ ተከምሮ፣ መሀሉ ጨለማ። ከአንዱ ወደ አንዱ በእጅም በእግርም ነው የሚኬደው፤ ትልቁ ድንጋይ ሲወዛወዝ ትንሹ ጸንቶ ይገኛል፣ እንደ ዘመድ ነው፣ ሳይፈትኑ አይታወቅም። ከድንጋዮቹ በላይ ሙቀቱ የረሳው በረዶ አለ። አለቃ በጫማቸው ጫፍ እየመቱ ደረጃ ያወጣሉ፣ እኔ በዱካቸው እረግጣለሁ። ሶሌ አንድ ጊዜም አልከዳኝም። ልቤ በኩራት አብጦ ነበር፤ በአለቃም ኮርቼ ነበር። በዚያ ዕድሜ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም፣ እግራቸው ብቻውን ያውቃል።

ሸንተረሩ ላይ ሁለት ዝቅታዎች አሉ፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። አንደኛው ወደ ሐይቆቹ ያወርዳል፤ ሌላኛው ጥቂት ያወርድና ገደል አፍ ላይ ያቆማል። መለያቸው በመሀላቸው የቆመ ጥቁር አለት ነው። አለቃ የብርዱን ወራት በሙሉ ሶል እየሰፉ ሲነግሩኝ ነው የከረሙት፤ አለቱ በግራሽ ሆኖ ካለፍሽ የሐይቆቹ ነው፣ በቀኝሽ ከሆነ የገደሉ ነው ብለው። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል። አለቃ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ትንሽ ቆሙ። ከዚያም በግራ ራቅ ብሎ ያለ የገደል ጥላ አለቱን መስሏቸው፣ ወደ ግራው ዝቅታ አቀኑ። ጥቁሩ አለት በቀኛችን ቀረ።

አየሁት አባባ። ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ዕድሜያቸውን የተመላለሱበትን መንገድ እኔ የትናንቷ ላርማቸው? ሌላ አቋራጭ ቢኖርስ? ብሳሳትስ? ባልሳሳትስ፣ በሰው ፊት ዓይንዎ አላየም ልበላቸው? ዞር ብዬ ምላጭን አየኋት። እሷም አለቱን እያየች ነበር። ያቺ ለደንበኛ ሁሉ «እግርህን ሳትታጠብ ጫማህን አታምጣብኝ» የምትል ሴት ሻርፗን ወደ አፏ ስባ መሬት መሬቱን አየች። ምላጩ ደነዘ። ዝም አይነቅዝም እየተባልን ነው ያደግነው፤ እንደ አስተዳደጋችን ዝም ብለን ተከተልናቸው።

ቁልቁለቱ ልቅ ኮረት ነው። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ ተረከዝ ተክሎ ከኮረቱ ጋር መንሸራተት ብቻ። ቀስ በቀስ ግን እየጠበበና እየተዳፋ ሄደ። እኔ በልቤ አሁን ያስታውሳሉ፣ አሁን ይቆማሉ እላለሁ። አልቆሙም። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ረገጡ፣ ድንጋዩ ከዳቸው፣ በጀርባቸው ወድቀው ከኮረቱ ጋር ወረዱ። እሳቸው አልጮኹም። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ እንኳ አላውቅም ነበር፣ በኋላ ምላጭ ናት የነገረችኝ። «አባባ!» ብዬ ነው።

ገደሉ አፍ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከመሬት ወጣ ያለ አለት ትከሻቸውን መትቶ አቆማቸው። ከእግራቸው ሥር ያመለጡት ድንጋዮች ጫፉን አልፈው ሄዱ፤ ድምፃቸው የተሰማው ቆይቶ ነው። በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ደረስኩባቸው። ትከሻቸው ማበጥ ጀምሯል፣ መዳፋቸው ተልጧል፣ አጥንት ግን አልተሰበረም። ውሃ አጠጣናቸው። ትንሽ እንደቆዩ ሐይቆቹ ወዴት ናቸው ብለው ጠየቁን። ሐይቆቹ ከእግራቸው ሥር ነበሩ፣ ገደሉ ግርጌ፣ ሁለቱም በፀሐይ እያብለጨለጩ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባቸው። ጥቁሩ አለት በየት በኩል ነበር አሉኝ። በቀኛችን አልኳቸው። አይተሽዋል አሉኝ፣ አዎ አልኩ። ምላጭንም ጠየቋት፣ እሷም አዎ አለች። ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም አሉ። ምን ይባላል አባባ? አክብረንዎት ነው አልኩ። አለቃ ትከሻቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ ስላመማቸው መልሰው ተቆጡ። «እስከ ገደል አፍ ነው የምታከብሩኝ?» አሉ።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከልቤ አይወጣም። መርፌዎቹን ማን እንደሚያዘጋጅላቸው ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ኖሯል። መነጽርም ከታዘዘላቸው ቆይቷል፤ ዓይኑ ለደከመ ጫማ ሰፊ ማን ጫማ ያመጣለታል ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል። «እናንተ ምንም ሳትሉ መርፌው ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ፣ ለካ ያን ያህል አልባሰብኝም አልኩ። የሚያሰጋ ቢሆን ይናገሩ ነበር አልኩ። እኔ ተራራ የወጣሁት ዝምታችሁን አምኜ ነው» አሉን። ምላጭ ፊቷን አዞረች። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ተራራ አልወጣም አባባ።

ምላጭ ወደ ቤት እንመለስ ብላ ነበር። አለቃ ግን በሐይቆቹ በኩል ያለው መውረጃ ስለሚቀል፣ ትከሻዬ በመጣንበት ድንጋይ አይመለስም አሉ። ስለዚህ ኮረቱን መልሰን ወጣነው። እኔ ከፊት፣ አለቃ በደህናው እጃቸው የቦርሳዬን ማንጠልጠያ ይዘው፣ ምላጭ ከኋላ። እነግራቸዋለሁ፤ ይሄ ይወዛወዛል ይለፉት፣ እዚህ ጋ በጫፍ ይርገጡ፣ አሁን ከፍ ያለ ርምጃ ነው እያልኩ። መጀመሪያ አፌ ተሳሰረብኝ፣ ታላቅን ሰው ግራ ቀኝ ማለት። ከጥቂት በኋላ ግን ቀለለኝ። እሳቸውም አልተቆጡም። እንዲያውም ሰውነቴን ወደ ዳገቱ አብዝቼ ስለማስጠጋ እግሬ እንደሚንሸራተት ከኋላ ሆነው ነገሩኝ። ቀና ብዬ ብሄድ እውነትም መሬቱ ያዘልኝ። እኔ አየሁላቸው፣ እሳቸው አካሄድ አስተማሩኝ።

ጥቁሩን አለት በግራችን አድርገን አለፍን፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቆቹ ጋ ደረስን። የላይኛው ግማሹ በረዶ ነው። የታችኛው አረንጓዴ ነው፣ እስከ ሥሩ ድረስ ድንጋዩ ይታያል። ስለ ውበቱ ብዙ አልጽፍልዎትም፤ ደክሞኝና ርቦኝ ስለነበር አብልጬ ያየሁት ዳቦውንና የተቀቀለውን እንቁላል ነው። ከበላን በኋላ አለቃ ጫማሽን አውልቂ አሉኝ። ሶሉን በዓይናቸው አላዩትም፤ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ስፌት በስፌት ዳሰሱት። አንድም አልተነሣም። ከኪሳቸው ለእኔ ያሠሯትን የምልክት ብረት አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አለቀስኩ። ምላጭ፣ አይዞሽ የበረዶው ነጸብራቅ ነው ብላ ሸፈነችልኝ።

ሰኞ ዕለት አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት የጣሪያውን የሸረሪት ድር ነው፤ እንዲህ ሆኖ ነው ወይ የምንኖረው ብለው ጮኹብን። መነጽሩ ለሩቁ ረድቷቸዋል፣ ለስፌቱ ግን አልበቃም። ስለዚህ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጫማ ይቀበላሉ፣ የትኛው ሶል ለየትኛው መንገድ እንደሚሆን ለደንበኛው ይነግራሉ። በዚያ የሚደርስባቸው የለም። ሰዉም አልቀረብንም።

አባባ፣ አሁን ወደ እርስዎ መጣሁ። ባለፈው በትንሿ እህቴ እጅ ባስጻፉልኝ ደብዳቤ ወንድሜን አምርረው ከሰውልኝ ነበር። ረዳትነቱን ትቶ ለፍላፊ ሆነ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኳስ እንደሚያስተላልፍ ሬዲዮ መንገዱን ያወራል ብለው። «ኧረ ጋሪው ቆመ!» ይላል፣ «እናትየው ከነልጇ ልትሻገር ነው!» ይላል፣ «ያቺ ጉድጓድ ዛሬም አልተደፈነች!» ይላል፣ ተሳፋሪው ይስቃል ብለው። እኔም ሳነበው ስቄያለሁ። ኮረቱ ላይ አለቃን እዚህ ይርገጡ፣ ይሄን ይለፉት እያልኩ ስወጣ ግን በመሀል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የወንድሜ ድምፅ ነው የመጣብኝ።

እንደወረድኩ ደወልኩለት። መጀመሪያ ካደ። ከዚያ ግድግዳው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ልጆች ሲሻገሩ ጮኾ ባያቆምዎ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ነገረኝ። አደራ አባባ እንዳይሰማ፣ ይሰበራል አለኝ። እንግዲህ አደራ በላ ልባል። እሱ ለፍላፊ ሆኖ አይደለም አባባ። መርፌ እያዘጋጀልዎ ነው።

እማማ ሻይዎን ሁልጊዜ ከቀኝ እጅዎ ሥር የምታስቀምጠው፣ እኔም በስልክ ስለ ሞተሩ ብቻ እየጠየቅሁ የምዘጋው፣ ሁላችንም አክብረንዎት ነው። ሚኒባሷ ውስጥ ግን እርስዎ ብቻዎን አይደሉም፣ መንገዱም ላይ የሰው ልጆች አሉ። ትኩሳቴን ደብቄ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው የመለሱኝ እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ደፍሬ እልዎታለሁ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ቁልፉንም ከዛሬ ጀምሮ ለወንድሜ ይስጡት። መንጃ ፈቃድ አለው፤ የሌለው የእርስዎ መንገድ ነው። የትኛዋ መታጠፊያ በዝናብ እንደምትከዳ፣ የትኛው ዳገት ላይ ማርሽ ቀድሞ እንደሚቀየር የሚያውቀው ማነው? ከጎኑ ይቀመጡ። እስከ ዛሬ እሱ መንገዱን ሲነግርዎ ኖሯል፤ ከእንግዲህ እርስዎ ይንገሩት። ቢቆጡኝም ግድ የለኝም፤ ገደል አፍ ላይ «አባባ!» ብሎ ከመጮኽ ይሻለኛል።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ የከሳሁት ይመለሳል ይበሏት። ከጓሮ ክፍል ላለችው ለአክስቴ፣ ወስፌ የሚይዝ እጅ እንደማያገባ መናገሯን እንደሰማሁና መልሱን በአካል እንደማመጣላት ይንገሩልኝ። ትንሿ እህቴ እግሯን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ስላ ትላክልኝ፤ የራሴ ምልክት ያለበት ጫማ የማደርግላት የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሚኒባሷንም ኮፈኗን መታ መታ ያድርጉልኝ። ለወንድሜም ብዙ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ጉሮሮው ደክሟል አባባ፤ ከእንግዲህ ያሳርፈው ይበሉልኝ።

ልጅዎ

ከጫማ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን